ከድንኳኑ በፊት ድረሱልን

ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ እድሮች በሙሉ

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ የሴቶች እድር እናቶች፤

አዲስ አበባ ውስጥ ቃሉን የሚጠብቅ ተቋም ጥራ ብባል ሳላመነታ እድርን እጠራለሁ። ሰው በሌሊት ያርፋል፤ ሳይነጋ ጡሩምባው ይነፋል፣ ረፋድ ሳይሆን ድንኳኑ ይተከላል። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ የውኃው በርሜል ከእድር ቤት ይወጣል። ማን መቃብር እንደሚያስቆፍር፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን ለቅሶተኛ እንደሚቀበል ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። መንግሥት ተለዋውጧል፣ ሰፈር ፈርሷል፣ የብር አቅም ወርዷል፤ እናንተ ግን ድንኳኑን በሰዓቱ ተክላችኋል።

ጥያቄዬ ከዚያ በፊት ስላሉት ሳምንታት ነው።

ሐኪሙ «ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት» ይላል። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሐኪሙም ቤተሰቡም ያውቃሉ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕመምተኛው በአንድ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሴት ነው፦ ሚስት፣ ታላቅ ልጅ፣ ወይም ስላላገባች ብቻ «አንቺ ጊዜ አለሽ» የተባለች እኅት። የዓመት ፈቃዷ ያልቃል፤ ከዚያ ደመወዟ ይቆማል። ሌሊት ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ትውከት ስትቀበል ታድራለች፤ ሲነጋ አጥሚት ታሞቃለች። ሁለትና ሦስት ወር እንዲህ የከረሙትን ሁላችንም እናውቃለን።

ጠያቂማ መች ይጠፋል! ሕመምተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። ብርቱካኑና የታሸገው ጭማቂ ኮመዲኖው ላይ ተደርድሯል። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና የምታፈላው ያቺው ሌሊቱን ያልተኛችው ናት። ጠያቂው አረፍ ብሎ የአጎቱን የጉበት ሕመም ታሪክ ያወራል፣ እገሌ እንዲህ ያለ ቅጠል ጠጥቶ እንደ ዳነ ይመክራል፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይወጣል። በደግነት የመጣ ሰው ስለሆነ አልወቅሰውም። ሆኖም ከሃያ ጠያቂ መካከል «አንቺ ሁለት ሰዓት ጋደም በይ፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። የእድራችሁን መዝገብ ግለጡት፤ ቀብር የቀረው ሰው ስሙ ሰፍሯል። ሕመምተኛ አጠገብ ያደረ ሰው ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

በሰፈራችን አንዲት ወጣት አባቷን በጨጓራ ካንሰር ስታስታምም አይቻለሁ። አባቷ ሲያርፉ እድራችን የሚያኮራ ሥራ ሠራ፤ አንድም ነገር አልጎደለም። በሠልስቱ አንዲት ለቅሶተኛ አቅፋ «አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ስትላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ «አሁንማ አይደለሁም» አለቻት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ከሞት በፊት ያለውን ጊዜ የሚሸፍን አዲስ ሥራ ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ ፈርስኮ-ዋይስ የተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ወላዷ ስታምጥ ከጎኗ ሆነው የሚያበረታቱትን ዶውላ የሚባሉ ሴቶች ተመልክቶ፣ ለሚሞተውም ሰው እንዲህ ያለ አጋር ያሻዋል አለ። በሚሠራበት ሆስፒስ (ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን የሚታገዙበት ተቋም) በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሥልጠናውን የሚሰጥ ማኅበር ከባልደረባው ጋር መሠረተ። የሞት ዶውላ መርፌ አይወጋም፣ መድኃኒት አያዝም። አጠገብ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ምን እየመጣ እንደሆነ ለቤተሰቡ ያስረዳል፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ተራ ገብቶ ያድራል፤ ከቀብር በኋላም ተመልሶ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ከኪሱ ይከፍላል። ነገሩ በዋጋ ተተምኖ ወደ እኛ እንዲገባ አልመኝም። ጎረቤት የሳሳበት አገር ጎረቤትን በሰዓት መቅጠር ግድ ሆኖበት ይሆናል። እኛ ጎረቤቱም፣ መዋጮውም፣ መተዳደሪያ ደንቡም አለን። የጎደለን ሥልጠናና ተራ ነው።

ሥልጠና ስላችሁ የነርስነት ትምህርት አይምሰላችሁ። አያቶቻችን ብዙ ሰው በቤታቸው ሲሞት ስላዩ የሚያውቁትን፣ እኛ ግን ሐኪም ቤት ስንሮጥ የረሳነውን ነገር መልሶ ማወቅ ነው። ሕመምተኛው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ምግብ ይጠላል። ይህ እኛ ቤት ጦርነት ያስነሣል፤ «በሞቴ አንዴ ብቻ!» እያልን ጉርሻ ይዘን እንቆማለን፣ እምቢ ሲል እናለቅሳለን። ሰውነት ሥራውን እያቆመ ሲሄድ ምግብ መፈለጉንም ይተዋል፤ በግድ የተጎረሰው ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። ከጉርሻው ይልቅ ከንፈሩንና ምላሱን በራሰ ጥጥ ማርጠብ ይጠቅመዋል። እንቅልፉ ይረዝማል። እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል። አተነፋፈሱ ይለወጣል፤ ይፈጥናል፣ ለአፍታ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ጉሮሮው ያቃስታል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ያጣ ቤተሰብ በውድቅት ሌሊት ታክሲ ጠርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይከንፋል፤ «ቤቴ ልሙት» ሲል የከረመው ሰውም በተሽከርካሪ አልጋ ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ያርፋል። አንድ የሠለጠነ ጎረቤት በዚያ ሌሊት «አትደንግጡ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እጁን ያዙት» ቢል ስንቱን ያድን ነበር!

ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ አልጋ ላይ ሳለ አንሶላውን መለወጥ፣ የጀርባ ቁስል ሲጀምር ማወቅ፣ እነዚህም በአንድ የከሰዓት በኋላ ስብሰባ የሚለመዱ ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው የንግግሩ ነገር ነው። «እንዳትነግሩት» የሚለውን ቃል ሐኪሞች በየቀኑ ይሰማሉ። ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ይዘው ይማጠናሉ፤ አባት የሚነገረው «ትንሽ የጨጓራ ቁስለት ነው» ተብሎ ነው። አባትዬው ግን ክብደቱ ሲቀንስ፣ የልጆቹ ፊት ሲለወጥ፣ ከውጭ አገር ድንገት ሰው ሲመጣ ያያል፤ ያውቃል። እነሱ እንዳያዝን፣ እሱ እንዳያዝኑ፣ ሁሉም እያወቀ ይደባበቃል። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህን የምናደርገው ሃይማኖተኛ ነን የምንል ሰዎች መሆናችን ነው። ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን ጠርቶ ንስሐ ሊገባ፣ ሥጋ ወደሙ ሊቀበል፣ ቀንዲል ሊደረግለት ይገባል። ሙስሊሙ ዕዳውን ሊያወራርድ፣ ኑዛዜውን ሊያስቀምጥ፣ ሸሃዳ የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ሁለቱም እምነቶች ተዘጋጅ ይላሉ፤ እኛ ግን ሰውዬው የሚዘጋጅበትን ጊዜ እንቀማዋለን። የተጣላው ወንድሙ ሳይታረቀው፣ ያበደረውና የተበደረው ሳይታወቅ፣ የልጆቹ አሳዳጊ ሳይሰየም ይሄዳል። ከአርባው በኋላ በወንድማማቾች መካከል የሚከፈተውን የፍርድ ቤት ክርክር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለሽምግልና የምትጠሩት እናንተ ናችሁና።

ስለ ኑዛዜ ካነሣሁ አይቀር፣ ጉዳዩ የመረጃም ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ዳኛ ወይም ሕጉ የሚፈቅድለት ሹም ካለበት ሁለት ምስክር ይበቃል። በሞት አፋፍ ላይ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚነገር ኑዛዜም አለ፤ ነገር ግን ከቀብር ሥርዓት፣ ከልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታ አያልፍም። «ቤቱን ለታናሿ ብያለሁ» ብሎ በጣር ላይ የተናገረ አባት ቃሉ እንደማይጸና ስንቱ ያውቃል? ይህን ሕመምተኛው አእምሮው ንጹሕ ሳለ፣ ከውርሱ ድርሻ የሌለው ጎረቤት ቢነግረው ከልጆቹ አንዱ ከሚያነሣበት ይሻላል።

አጋር የሚሆነው ሰው ምርመራውን ሊያረዳ አይሄድም፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሕመምተኛው ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት «እሞታለሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬ ሳይለውጥ፣ «ምን ያስፈራሃል? ማንን ማየት ትፈልጋለህ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ የሚችል መሆን ነው ያለበት። ይህ ሐኪምነት አይፈልግም፤ ልምምድ ግን ይፈልጋል። አብዛኛዎቻችን በዚህች ጥያቄ ፊት «ኧረ ሟርት አትናገር!» ብለን እንሸሻለን።

የሥቃዩን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ማስታገሻ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው የዓለም ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን መሥራችነት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ በየቤቱ እየሄደ ሕሙማንን ይረዳል፤ አንድ ድርጅት ግን ይህን ሁሉ ከተማ አይሸፍንም። ጎረቤታችን ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረውን የሆስፒስ ሥራ ይዛ፣ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ ፈሳሽ ሞርፊን ለሕመምተኞች በነጻ ማዳረስ ችላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004ም ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዙት በሕግ ፈቀደች። እኛ ዘንድ አሁንም «ሱሰኛ ያደርጋታል» ተብሎ መድኃኒቱ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እናት ስትጮኽ ታድራለች። የጤና ባለሙያው በትክክል ባዘዘው መጠን የሚወሰድ ማስታገሻ ለሚሞት ሰው እፎይታ ነው። ጠበሉንም ጸሎቱንም የሚከለክል የለም፤ ከማስታገሻው ጋር አብረው ይሄዳሉ።

«እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ደንቡ ሲጻፍ ልክ ነበር። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሰው ሲጨርስ በነበረበት ዘመን ግን በዚህችው ከተማ የነበሩ እድሮች ድንኳን መትከሉ ብቻ እንደማይበቃ አይተዋል። ካዝናቸው በቀብር ብዛት ተራቆተ፤ ከግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር ሆነው አባሎቻቸውን አሠለጠኑ፤ ቤተሰብ ያገለላቸውን ሕሙማን በየቤታቸው አጠቡ፣ አበሉ፣ ወላጅ ያጡትን ልጆች ደገፉ። የያኔዎቹ አስታማሚዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በእድሮቻችሁ ውስጥ አሉ፤ ጠርታችሁ ጠይቋቸው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘ። ካንሰሩ፣ የኩላሊቱ ድካም፣ ስትሮኩ ግን በየቤቱ ገብቷል፤ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ በነበረበት አገር ደግሞ ብዙው ሕመምተኛ ሐኪም ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ሊሠራ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ወደ ሕንዷ ኬረላ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊከት ከተማ ውስጥ በጥቂት ሐኪሞች የተጀመረው የማስታገሻ ሕክምና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎረቤት እጅ ገባ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል ማንም ሰው ይመዘገባል፤ 16 ሰዓት ያህል ይማራል፤ ከነርስ ጋር ወደ ሕሙማን ቤት እየሄደ ይለማመዳል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከሰፈርተኛው በሳንቲም ነው። ነርሱና ሐኪሙ ጎረቤቱን አገዙ እንጂ ሥራውን አልወሰዱበትም። የክልሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አድርጎ ሲያጸድቀው ሕዝቡ ቀድሞ የሠራውን ነበር ያጸደቀው። ያ ሰፈር ጡሩምባ ነፊ እንኳን የለውም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሐሜት ነው፤ ስለዚህ አላቃልለውም። የሰው ገመና በእጁ የገባለት ጎረቤት በማግሥቱ ቡና ላይ ቢያወጣው፣ ማንም በሩን አይከፍትለትም፤ ትክክልም ነው። ለዚህ የማቀርበው አጎራባች እድሮች አስታማሚ እንዲለዋወጡ ነው። የእናንተ ሰው ወደ ማዶው ሰፈር ይሂድ፣ የማዶው ወደ እናንተ ይምጣ። ገመናውን የሚያየው ሰው በየቀኑ በር ላይ የማይገናኘው ይሆናል። ምስጢር የሚያወጣ ሰው ደግሞ ቀብር ከቀረው ይልቅ ይቀጣ፣ ከሥራውም ይነሣ። ሴት ሕመምተኛን ሴት፣ ወንድን ወንድ ማስታመሙም በደንቡ ይግባ። ቤተሰቡ አልፈልግም ካለ ደግሞ አልፈልግም ነው።

የተበተኑትንም አስቡ። ሰፈራቸው ፈርሶ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል፤ የእድር መዋጯቸውን አሁንም በቀድሞው ሰፈር የሚከፍሉ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲታመም ከታች ያለው ጎረቤት ስሙን አያውቀውም። ሲሞት የቀድሞው እድሩ በአውቶቡስ ይደርስለታል። በሕይወት ሳለ የሚደርስለት ግን እዚያው ብሎክ ያለው አዲሱ እድር ነው፤ ገና መዋጮ አልከፈለም ብሎ በሩን የሚያልፍ እድር በእኔ ግምት እድርነቱን ያጎድላል።

ስለ ኀዘኑ አጭር ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ከብዙ አገር የተሻልን ነንና። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ ለሙስሊሙም የተዕዚያው ቀናት፣ ኀዘንተኛን የምንመለስበት ቀን መቁጠሪያ አለን። ችግሩ በየቀኑ መካከል ነው። ወንበሩ ተሰብስቦ ከሄደ በኋላ ባለቤቷ የሞተባት ሴት የውኃና የመብራት ሒሳብ በማን ስም እንዳለ፣ ጡረታው የት እንደሚጠየቅ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከየት እንደሚወጣ ብቻዋን ትዞራለች። ልጆቹ «አባዬ አሜሪካ ሄዷል» ተብለው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው እውነቱን ይሰማሉ። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ የእናቷን መርዶ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥላት፣ ወዳጅ ሳያቅፋት፣ በፌስቡክ ፎቶ ከጥቁር ሪባን ጋር ታየዋለች። በመጨረሻው ሳምንት ስልኩን ይዞ የእናትና ልጅን ድምፅ ያገናኘ፣ ከዚያም በዚያው አገር ያለች ወዳጇን ቀድሞ የነገረ አስታማሚ ቢኖር ይህ አይደርስባትም ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አንድ አንቀጽ ወደ ደንባችሁ ይግባ፤ እድሩ በጠና ታሞ ቤት ለዋለ አባልና ቤተሰቡ ተራ የሚያስገባ፣ ምስጢር የሚያስጠብቅ፣ የአስታማሚውን ስም የሚመዘግብ አንቀጽ። ከያንዳንዱ እድር ለጅምሩ አራት ሰው ይበቃል፤ ሁለቱ ከሴቶች እድር ይሁኑ። በኤች አይ ቪው ዘመን ያስታመሙት አሠልጣኝ ይሁኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሩ፤ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ታውቃለች። የነፍስ አባቶችንና የመስጊድ ኢማሞችን ከመጀመሪያው ስብሰባ አስገቡ፤ ካልሆነ ሥራው የባዕድ ነገር ይመስላል። ገንዘብ ከተባለ ለድንኳን ማደሻ ከሚያዘው ጥቂት ቢቀነስ ለታክሲና ለጓንት ይሆናል።

ለጤና ሚኒስቴርም አንድ ቃል አለኝ። የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። መመሪያው በወረዳ ጤና ጣቢያ ደረጃ የሞርፊን አቅርቦትና የሠለጠነ ነርስ ካላገኘ፣ ጎረቤት እጅ ከመያዝ በቀር ሥቃዩን አያስታግስም። እድሮቹ ሰው ያዋጣሉ፤ እናንተ መድኃኒቱን አዋጡ።

የሰፈሬ እድር ጠቅላላ ጉባኤ በቅርቡ ይጠራል። ይህን አጀንዳ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ የእናንተም አባላት እንዲያስገቡ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር አባል

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ